ባለ መደወያው ከበሮ

የትንሿ ከተማ የጎርና ሊፓ ስልክ ቤት ተዘግቶ ሠራተኞቹ በጡረታ ሲሰናበቱ፣ ሌሎቹ የግድግዳ ሰዓትና የቆዳ ወንበር ሲሻሙ፣ ዶብሪንካ የወሰደችው አንድ ከረጢት ሙሉ የስልክ መደወያ ነበር። ጣት ከትተው የሚያዞሩት፣ ሲለቁት ጥርርር እያለ ወደ ቦታው የሚመለስ፣ ዐሥር ቀዳዳ ያለው ክብ መደወያ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስትፈታው፣ ስታጸዳውና መልሳ ስትገጥመው ኖራለች። ሌላው ዕቃ ሁሉ በጭነት መኪና ተጭኖ ለብረት ገዢ ሲሄድ ይኼን ለማስወሰድ አንጀቷ አልቻለም።

ከረጢቱ ምድር ቤት ውስጥ ከጎመን በርሜሉ አጠገብ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። በሰኔ መግቢያ ላይ ግን ዶብሪንካ የግቢዋን ቁልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ጣለችና በራሷ ተናደደች። ቁጥር ሲደወልበት የሚከፈት የበር ቁልፍ እሠራለሁ ብላ ተነሣች። ከመደወያዎቹ ደህናውን መርጣ በካቻቢቴ ፈታችው፣ የደረቀውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጠበች፣ ሞላውን አጥብቃ ገጠመችው። ከዚያ የኤሌክትሪክ መነካኪያዎቹ በትክክል መነካካታቸውን ለማየት ከባትሪና ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አያያዘችው። መደወያው ሲመለስ የሚቆጥራትን እያንዳንዷን ቁጥር ስፒከሯ "ጧ" እያለች ታሰማለች።

ጎረቤቷ ቬልኮ የመጣው ይኼኔ ነው። ቬልኮ በዚያ ሸለቆ ሠርግና ድግስ ሁሉ ላይ አርባ ሁለት ዓመት ከበሮ የመታ ሰው ነው። ከዐሥር ቀን በፊት ቼሪ ሊለቅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉ ከዳውና ቀኝ እጁ ከጣቱ ሥር እስከ ክርኑ ጀሶ ውስጥ ገባ። ለሚጠይቀው ሁሉ "እኔ አልወደቅሁም፣ ዛፉ ነው የጣለኝ" ይላል። ያን ቀን ደግሞ ስለ ሐኪሙ ሊያማርር ነበር የመጣው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ከበሮ እንዳትነካ ብሎታል። የባልደረባው የአኮርዲዮን ተጫዋቹ የጋሽ ጌንቾ የልጅ ልጅ ኔቬና ግን የምታገባው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።

ዶብሪንካ በአንድ ጆሮዋ እየሰማችው መደወያውን አዞረች። የከተማው ስልክ ሁሉ ድሮ በሁለት መቶ ሃያ ሦስት ይጀምር ስለነበር ጣቷ ሳታዘው ወደዚያው ሄደ።

ጧ ጧ። ጧ ጧ። ጧ ጧ ጧ።

ቬልኮ የሐኪሙን ነገር መሃል ላይ ተወው።

"ምን አልሽ?"

"እኔ ምንም አላልኩ።"

"እሱስ ምን አለ? እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው። ቬልኮ እግሩ ቀድሞት ወለሉን መምታት ጀመረ።

"ሩቸኒትሳ እኮ ነው" አለ። "ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። አጭር፣ አጭር፣ ረጅም። አንቺ ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሩቸኒትሳ ስትመቺ ኖረሽ ለሰው አልተናገርሽም?"

ዶብሪንካ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ከልጅነቷ ጀምራ ስትጨፍረው የኖረችው ዜማ ነው፤ ግን እግሯ ነው እንጂ ራሷ ቆጥራው አታውቅም። ቬልኮ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት ደውዪ አላት፤ ደወለች፤ ኮፓኒትሳ የሚባለው ጭፈራ ሆነ። ሁለትና ሦስት ብቻ ስትደውል አንካሳ የሚያስመስለው ያ የአምስቱ ጭፈራ መጣ። ሁለቱም እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እየተሽቀዳደሙ የሚያውቁትን ጭፈራ ሁሉ ደወሉት። የበሩ ቁልፍ ነገር በዚያው ቀረ።

ቬልኮ ከሄደ በኋላ ዶብሪንካ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራ ፈትቼ አልቀመጥም ብላ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ለራሷ ተምራ ነበር፤ ከክብሪት ቤት የምታንስ፣ የታዘዘችውን የምትፈጽም ቦርድም በፖስታ አስመጥታ አስቀምጣለች። መደወያውን ከእሷ ጋር በየደችው። የተደወለላትን ቁጥር እንድትይዝና በዚያው ልክ ከበሮ እየመታች እንድትደጋግም አደረገቻት። ከእያንዳንዱ ቁጥር የመጀመሪያው ወፍራም ምት፣ የቀሩት ቀጭን ምት እንዲሆኑ ወሰነች። የዚያ አገር ከበሮ መቺ በቀኝ እጁ ወፍራሙን መምቻ፣ በግራው ቀጭኗን ዘንግ ነውና የሚይዘው።

ድምፁን ከቬልኮ ወሰደች። ቬልኮ ከበሮውን ወንበር ላይ አጋድሞ በግራ እጁ በመጀመሪያ ወፍራሙን፣ ቀጥሎ ቀጭኗን መታላት። እሷ በስልኳ ቀዳች። ሃያ ጊዜ መትቶ ዐሥራ አምስቱን ራሱ ጣለ፤ ይኼ ደረቀ፣ ያኛው ፈዘዘ እያለ። ደስ ብሎት ነበር። በአራተኛው ቀን ዶብሪንካ ሁሉንም ከአሮጌ የዋልነት እንጨት ጠረጴዛ በነቀለችው መሳቢያ ውስጥ ገጥማ፣ መደወያውን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ ጋሽ ጌንቾን ወደ ምድር ቤቷ ጠራች።

ጋሽ ጌንቾ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። አኮርዲዮናቸውን በትከሻቸው ይዘው እያቃሰቱ ደረጃውን ወረዱ፤ መጫወት ሲጀምሩ ግን ማቃሰቱ ቀረ። ዶብሪንካ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ደወለች። የመሳቢያው ሣጥን ዱም ጨቅ፣ ዱም ጨቅ፣ ዱም ጨቅ ጨቅ ብሎ ጀመረ፤ እሳቸውም አብረው ገቡ። ጨዋታው ሲያበቃ ላባቸውን ጠርገው ሣጥኑን መታ መታ አደረጉት።

"በቃ፣ አለቀ" አሉ። "ለኔቬና ሠርግ ከበሮ መቺ አገኘን።"

ቬልኮ ራኪያ የሚሉት የፍራፍሬ አረቄ ያለባት ብርጭቆ በግራ እጁ ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርጭቆዋን ሳይጨርስ አስቀመጠ። ቲማቲሙ ላይ ውኃ ለቅቄ መጥቻለሁ አለና ወጣ። ጋሽ ጌንቾ ምንም አልታያቸውም። ዶብሪንካ ግን የቬልኮ ቲማቲም ጠዋት ውኃ መጠጣቱን በአጥሯ በኩል አይታለች።

አራት ቀን አልመጣም። በመንገድ ላይ ሲያገኛት ከአንገት በላይ ሰላም ይላል፤ ያልፋል። ዶብሪንካም እየቆየ ነገሩ እሷም ላይ ደርሶ እንደነበር ትዝ አላት። ያ ሁሉ ቀን ከሌት የሚንጣጣ ማሽን የሞላበት አዳራሽ በአንዲት ቁም ሣጥን በምታህል አዲስ መሣሪያ ሲተካ፣ መሣሪያዋን ሊተክሉ የመጡት መሐንዲሶች ትሑቶች ነበሩ። ስለ እያንዳንዱ መስመር ጠባይ ይጠይቋታል፤ የትኛው በዝናብ እንደሚጮኽ፣ የትኛው በበረዶ እንደሚሞት። እሷም የሚያዳምጣት በማግኘቷ ተደስታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያላትን ሁሉ አፈሰሰችላቸው። አመስግነው አበባ ሰጧት። የስንብት ደብዳቤው የደረሳት በወሩ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሣጥኑን ብብቷ ውስጥ ይዛ ወደ ቬልኮ ግቢ ገባች። ቬልኮ የቲማቲሙን ግንድ በአንድ እጁና በጥርሱ ከእንጨት ጋር እያሰረ ነበር። ክሩን ከአፉ ሳያወጣ ሣጥኑን አየው።

"እሱን ምን አመጣው? ራሱ ሊያነጋግረኝ ነው?"

"ድምፁ ያንተ ነው" አለችው። "አጥፊው ካልከኝ እዚሁ አጠፋዋለሁ።"

ቬልኮ ክሩን ተፍቶ ቀና አለ። "ድምፁ ምን አደረገ? ድምፁ ጥሩ ነው፣ እኔ የመታሁት እኮ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከጋሽ ጌንቾ ጋር አርባ ሁለት ዓመት ስንዞር ኖረን፣ በበረዶ መኪና ስንገፋ ኖረን፣ 'ምነው ቬልኮ በኖረ' እንኳ አላሉም። አለቀ፣ ከበሮ መቺ አገኘን። ከኪሳቸው ቁልፍ ወድቆባቸው ሌላ እንዳስቀረጹ ነው የተናገሩት።"

ዶብሪንካ ይቅርታ ጠየቀችው። ቀጥላም ለማንም ተናግራ የማታውቀውን የመሐንዲሶቹን ነገር ነገረችው፤ እንዴት ሁለት ሳምንት እንዳስተማረቻቸውና እንዴት አበባ ይዘው እንደ መጡ። ቬልኮ ቲማቲሙን ትቶ ሰማት።

"ምን አበባ?" አላት ሲያበቃ።

"ጽጌረዳ።"

"ስንት?"

"ስድስት።"

"ስድስት? በጥንድ የሚሰጥ አበባ እኮ ለሬሳ ነው! ሰባት ማድረግ አቅቷቸው?"

"የቆጠሩት አይመስለኝም።"

ቬልኮ ሳቀ። እሷም ያን አበባ ከተቀበለች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችበት። ቬልኮ ግን ልቡ ገና አልተመለሰም። በማግስቱ ጋሽ ጌንቾ ግቢ ለልምምድ እንዲመጣ ስትለምነው፣ የሚመጣው ለመሳቅ ብቻ መሆኑን አስጠንቅቆ እሺ አላት።

በእርግጥም የሚሳቅበት አላጣም። ጋሽ ጌንቾ ዜማውን እንደ ወጉ ሊያሽሞነሙኑ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ሊያቆዩ፣ እዚያ ጋ ሊያፋጥኑ ይፈልጋሉ። ሣጥኑ ግን ወደፊት ብቻ ነው። አንዴ ቀድሟቸው ሄደ፤ ሲደርሱበት እሳቸው አለፉት። በሦስተኛው ዙር አኮርዲዮኑን ዘግተው ሣጥኑን በግልምጫ አዩት።

"ይኼ ከበሮ መቺ አይደለም" አለ ቬልኮ ከአጥሩ ሥር። "ወታደር ነው።"

"አንተ ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?" አለችው ዶብሪንካ።

"ሦስተኛዋን እይዛታለሁ። ረጅሟን። የጨፋሪው ተረከዝ መሬት እስኪነካ እይዛትና ከዚያ ነው የምለቃት።"

"በስንት ሰከንድ?"

"እኔ ምን አውቄ? ተረከዙን እያየሁ ነዋ።"

ጋሽ ጌንቾ ሁለቱን አፈራርቀው ተመለከቱ። ነገሩ ያኔ የገባቸው ይመስላል፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአኮርዲዮናቸው ማንገቻ ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ዝቅ ብለው "ቬልኮ፣ አርባ ሁለት ዓመት ያበላሸኸኝ አንተ ነህ። የማይጠብቀኝ ሰው ጋር መጫወት አልችልም" አሉ። ቬልኮ ወንበሩን አንሥቶ ወደ ሣጥኑ ተጠጋ።

ዶብሪንካ በበኩሏ ተረከዝን የሚያይ ሽቦ እንደሌለ ታውቃለች። ማየቱን ለቬልኮ መተው ነው። ከምድር ቤት የእናቷን የልብስ ስፌት መኪና የእግር መርገጫ አውጥታ ከሣጥኑ ጋር በሽቦ አገናኘችው። አሁን ሣጥኑ በራሱ አይሄድም። የትኛው ጭፈራ እንደሆነ በመደወያው ይነገረዋል፤ ከዚያ መርገጫው በተረገጠ ቁጥር አንድ ዙር ብቻ ይመታል። እግር ከዘገየ ይጠብቃል፤ እግር ከፈጠነ ይፈጥናል። ሦስት ቀን ፈጀባት። ቬልኮ የግራ ጣቱን መደወያው ላይ፣ ቀኝ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ በመጀመሪያው ሰዓት እየተሳደበ፣ በሁለተኛው እያፏጨ ተማረው።

በሠርጉ ቀን የጋሽ ጌንቾ ግቢ ከጠዋቱ ሞላ። ሙሽራው የትልቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ሙዚቃ የሚያጫውት ባለ መነጽር ጎረምሳ ለማታው አዳራሽ ይዘው መጥተዋል። ሙሽራዋን እዚሁ ግቢ ካለው ከአባቷ ቤት በሩቸኒትሳ የማስወጣቱ ተራ ግን የአያቷ ነው፤ ይህን ኔቬና ራሷ ቆርጣ ተናግራለች። ከከተሜዎቹ አንዱ ሣጥኑንና ጀሶውን አይቶ "አባቶች፣ ለማን ልትደውሉ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ለሙሽራው" አለው ቬልኮ። "ለመቅረት አሁንም ጊዜ አለህ ልንለው።"

መጀመሪያ ኮፓኒትሳ ተመታ፤ እንግዳው ተያይዞ ግቢውን ዞረ። ቬልኮ ዓይኑን ከጨፋሪዎቹ እግር ሳይነቅል ይረግጣል፤ ዶብሪንካ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከግድግዳው ሥር ቆማ በልቧ ትቆጥራለች። የሙሽራው አጎት በደስታ ሰክሮ ቬልኮን ሊያቅፍ ጎንበስ ያለው በዚህ መሃል ነው። በእጁ የነበረው የቼሪ ጭማቂ መደወያው ላይ ተገለበጠ። ቬልኮ በክንዱ ጠረገው፤ የሆነ ነገር የለም አለ። በሩ ተከፈተና ኔቬና በአባቷ ክንድ ወጣች።

ጋሽ ጌንቾ አኮርዲዮኑን ዘረጉት። ቬልኮ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ደወለና ረገጠ።

ዱም ጨቅ። ዱም ጨቅ። ዱም ጨቅ።

ኔቬና ሁለት ርምጃ ሄዳ እግሯ ጠፋባት። እንግዳው እርስ በርሱ ተያየ። ሩቸኒትሳው የሰልፍ ጉዞ ሆኖ ቀርቷል። ቬልኮ እንደገና ደወለ፤ ያው ሆነ። ዶብሪንካ ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምራ አውቃዋለች፤ ጭማቂው መነካኪያው ውስጥ ገብቶ አጣብቆታል፣ ከሦስቱ የመጨረሻዋን ምት ውጧታል። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ደረሰች።

"ጋሽ ጌንቾ፣ እንዳያቆሙ" አለቻቸው።

እሳቸውም አላቆሙም። ቬልኮ ከወንበሩ ተነሥቶ ጀሶውን ወደ ላይ ይዞ በጫማው መሬቱን መታ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። አጠገቡ የቆሙት ገባቸውና በጭብጨባ ተከተሉት፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ አጨበጨበ። ኔቬና መሃረቧን አወጣች፤ በጭብጨባው ላይ መጨፈር ጀመረች።

ዶብሪንካ ካቻቢቴ ከቀሚሷ ኪስ አይጠፋም። መደወያውን በሦስት ብሎን ነቀለችው። ከጠረጴዛው ላይ አንድ የመጥሪያ ካርድ ቀድዳ ወረቀቷን በራኪያ አራሰቻት፤ በመነካኪያዎቹ መሃል አስገብታ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበቻት። ቀይ ሆና ወጣች። ሌላ ቀደደች። የጋሽ ጌንቾ ራኪያ ስድሳ ዲግሪ ነው፤ ስልክ ቤት ለማጽጃ ይሰጣት የነበረው አልኮል እንኳ ውኃ እየተቀላቀለበት ይህን ያህል አልነበረም። ሦስተኛዋ ወረቀት ንጹሕ ሆና ስትወጣ መደወያውን ሳትገጥመው በመዳፏ ይዛ ለቬልኮ ዘረጋችለት።

"ደውል፣ እኔ እይዘዋለሁ።"

ደወለ። ሁለት። ሁለት። ሦስት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ኔቬና እግር ላከ፤ አንዲት ዙር በጭብጨባው አሳለፈና ተረከዟ ሲያርፍ ረገጠ። ከበሮው ግቢው ላይ እንደ ዝናብ ወረደ። ያ የራሱ የቬልኮ ከበሮ ነበር፤ ሦስተኛዋን ይዞ፣ ይዞ፣ ይለቃታል። ጋሽ ጌንቾ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዶብሪንካ ሽቦዎቹ ተንጠልጥለው መደወያውን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ ቆማ፣ ኔቬና ጨፍራ ከበሩ እስክትወጣና መኪናው ውስጥ እስክትገባ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ክንዷ መደንዘዙ የታወቃት ሲያበቃ ነው።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ባለ መነጽሩ ጎረምሳ መጥቶ ይህ ዕቃ የት እንደሚሸጥ ጠየቃት። "አይሸጥም፣ ጡረታ ይወጣል" አለችው። ነገሩ አልገባውም፤ ግን አክብሮ አንድ ጭፈራ እንድትደውልለት ለመናት። ደወለችለት።

የቬልኮ ጀሶ በሐምሌ ወጣ። እጁ ከስቶ ነበር፤ ሐኪሙ ከበሮውን ፈቅዶለት ለረጅም ሰዓት እንዳይሆን አዘዘው። በነሐሴ ለማርያም በዓል ከታች ያለው መንደር ሲጠራቸው፣ ቬልኮና ጋሽ ጌንቾ ተያይዘው ወደ ዶብሪንካ ምድር ቤት ወረዱ። መድረኩ ላይ ሦስት ወንበር እንዲደረግ መናገራቸውን ጋሽ ጌንቾ ነገሯት።

"ሦስተኛው ማን ነው?" አለች።

"ቬልኮ ሲደክመው ማን ሊመታ ነው?" አሉ እሳቸው።

ዶብሪንካ ሙዚቀኛ እንዳልሆነች፣ ዘፈን እንኳ አስተካክላ እንደማትይዝ፣ ሰው ፊት ቆማ እንደማታውቅ ዘረዘረች። ቬልኮ አስጨረሳት።

"እኛስ ከመቁጠር ሌላ ምን እንሠራለን ብለሽ ነው?" አላት። "አንቺ እኮ ከሁለታችንም የበለጠ ስትቆጥሪ የኖርሽ ነሽ።"

ሄደች። ሣጥኑን ፊት ለፊቷ አድርጋ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሁለተኛው ጭፈራ ላይ ደንግጣ አንድ ቁጥር ዘለለችና የአምስቱ ጭፈራ ወጣ። ጋሽ ጌንቾ ጣታቸውን ሳያነሡ ዜማውን ቀየሩላት፤ ጨፋሪውም ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት እየጮኸ ተቀበለው። ቬልኮ ከበሮውን እንዳነገተ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሳት። ከዚያ በኋላ ጣቷ አልተሳሳተም።

በመስከረም ከሌላ መንደር ለቬልኮ ስልክ ተደወለለት፤ ሰዎቹ ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ባለ መደወያዋ ሴትዮ መምጣቷን አረጋግጥልን አሉት። ቬልኮ ይህን በአጥሩ ላይ ሆኖ የተቀየመ መስሎ ነገራት። እሷ ግን ፊቱን ታውቀዋለች። መቼ ነው፣ ስንት ሰዓት እንነሣለን ብላ ጠየቀችው፤ ቬልኮም ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ መኪናው ካልተነሣ ደግሞ ገፊዋ አንቺ ነሽ አላት።